ጠበኛውን ዓሣ ከማን ጋር እናኑረው? የሲክሊዶች ጉርብትና በአዲስ አበባ ከፍታ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ለቡ አካባቢ የሚኖር አንድ ወዳጃችን በ2014 ዓ.ም. ክረምት አንድ ሜትር ርዝመት ያለው የመስታወት አኳሪየም አሠርቶ ስድስት ዓሦች ገዝቶ አስገባበት። ሲመርጣቸው የተመለከተው ቀለማቸውን ብቻ ነበር። ሦስቱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ ሁለቱ ደግሞ ጥቁርና ነጭ መስመር ያላቸው ነበሩ። በሦስተኛው ሳምንት በሕይወት የቀሩት ሁለት ብቻ ሆኑ። «በሽታ ገብቶባቸዋል» ብሎ ስለ ጠራን ሄደን ተመለከትን። ነገሩ በሽታ አልነበረም። የሞቱት ዓሦች ክንፋቸው ተቦጫጭቆ፣ የጎናቸው ቅርፊት ተነቃቅሎ ነበር። ከተረፉት አንዱ ከማጣሪያው ቱቦ ጀርባ ተሸጉጦ ትንፋሹን ይቆጥራል፤ ሌላው ግን አኳሪየሙን ከዳር እስከ ዳር እንደ ግል ግቢው እየተዘዋወረ ይጠብቃል።

ወዳጃችን ተስፋ አልቆረጠም። ዓሣ የማርባት ልምድ ያላቸውን ሰዎች ሲጠይቅ «ጠቡ እንዲበርድ ቁጥራቸውን አብዛ» ተባለና ሃያ አደረሳቸው። በእርግጥም ጠቡ በረደ። ለሁለት ወራት ያህል የተጎዳ ዓሣ አልታየም። ከዚያም አንድ ሌሊት ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲነሣ ከሃያዎቹ አሥራ አንዱ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈው አገኛቸው።

የተሰጠው ምክር ሐሰት አልነበረም። በብዙ የአኳሪየም መጻሕፍት የሚገኝና ተሞክሮ የተረጋገጠ ዘዴ ነው። ነገር ግን መጻሕፍቱ የተጻፉት ለባሕር ጠለል ለቀረቡ፣ መብራት እምብዛም ለማይጠፋባቸው ከተሞች ነው። በዚህ ጽሑፍ ጠበኛ ሲክሊዶች ለምን እንደሚጣሉ፣ የማብዛቱ ዘዴ ለምን እንደሚሠራና በአዲስ አበባ ለምን አደጋ እንደሚያስከትል፣ በምትኩም ጎረቤት እንዴት እንደሚመረጥ ለማሳየት እንሞክራለን።

ሲክሊዶች እነማን ናቸው?

ስሙ ለጆሮ እንግዳ ቢሆንም ቤተሰቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከጣና፣ ከዝዋይ፣ ከሐዋሳና ከጫሞ ሐይቆች ተጠምዶ በየምግብ ቤቱ ተጠብሶ የሚቀርብልን ቆሮሶ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኦሬኦክሮሚስ ኒሎቲከስ፣ ራሱ ሲክሊድ ነው። በአፋር ከባሕር ጠለል 100 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በሚገኘው ጨዋማው የአፍዴራ ሐይቅም ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ የሚባል፣ የዚያ ሐይቅ ብቻ የሆነ ትንሽ ሲክሊድ ይኖራል። በዓለም ላይ እስካሁን ስም የወጣላቸው የቤተሰቡ ዝርያዎች ከ1,700 ይበልጣሉ፤ በማላዊ ሐይቅ ብቻ በብዙ መቶዎች የሚቆጠሩ ይገኛሉ። ለቤት አኳሪየም የሚሸጡት በአብዛኛው ከማላዊና ከታንጋኒካ ሐይቆች እንዲሁም ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ የመነጩ ናቸው።

ለዚህ ሁሉ ብዝኃነት ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ሲክሊዶች በአፋቸው ካለው መንጋጋ ሌላ በጉሮሯቸው ውስጥ ሁለተኛ መንጋጋ ያላቸው መሆኑ ነው። የጉሮሮው መንጋጋ የማኘኩን ሥራ ስለሚያከናውን የአፉ መንጋጋ ለሌላ ተግባር ነፃ ይሆናል። አንዱ ዝርያ ከዐለት ላይ አልጌ ይፍቃል፣ ሌላው ቀንድ አውጣ ይሰብራል፣ ሌላው ደግሞ የሌላ ዓሣ ቅርፊት እየነጠቀ ይኖራል። ይህን ወደ ኋላ ጎረቤት ስንመርጥ እንፈልገዋለን።

ለምን ይጣላሉ?

ቆሮሶን እንመልከት። ለመራባት የደረሰ ወንድ በሐይቁ ዳርቻ ጥልቀት በሌለው ስፍራ አሸዋውን በአፉ እያነሣ ክብ ጉድጓድ ይቆፍራል። ጉድጓዱ ሴቶችን የሚጠራበት ደጁ ነው። ሴቷ መጥታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ወንዱ ያጸድቀዋል፤ እሷም እንቁላሉን በአፏ ይዛ ትሄዳለች፤ ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉና እስኪጠነክሩም በአፏ ትጠብቃቸዋለች። ወንዱ ግን ከጉድጓዱ አይነቃነቅም። ሌላ ወንድ ሲቀርብ በመጀመሪያ ክንፎቹን ዘርግቶና የስንጥቡን ክዳን ከፍቶ ራሱን ያገዝፋል፤ ቀጥሎ በጅራቱ ውሃውን ወደ ባላጋራው ይገፋል፤ ይህም ካልበቃ አፍ ለአፍ ተያይዘው ይጓተታሉ። በሐይቁ ውስጥ ተሸናፊው ጥቂት ሜትር ሲሸሽ ጠቡ ያበቃል። አሸናፊው አያሳድደውም፤ ቢያሳድደው ጉድጓዱን ሌላ ይይዝበታልና።

የአኳሪየሙ ችግር እዚህ ላይ ነው። መስታወቱ በር የለውም። ተሸናፊው እስከ መጨረሻው ጥግ ቢሸሽም አሁንም በአሸናፊው ይዞታ ውስጥ ነው፤ አሸናፊውም ወራሪው አልወጣለትምና ደጋግሞ ይመታዋል። ስለዚህ «ይህ ዝርያ ገዳይ ነው» ስንል ብዙ ጊዜ የምንናገረው ስለ ዓሣው ተፈጥሮ ሳይሆን ስለ መስታወቱ ስፋት ነው።

ከታንጋኒካ ሐይቅ አካባቢ በተገኘው አስታቶቲላፒያ ቡርቶኒ በተባለ ሲክሊድ ላይ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የራስል ፈርናልድ ቤተ ሙከራ ለዓመታት ያካሄደው ምርምር ሁለት የሚያስገርሙ ነገሮች አሳይቷል። አንደኛው፣ የበላዩ ወንድ ከአኳሪየሙ ሲወጣ ከበታቾቹ አንዱ በደቂቃዎች ውስጥ ቀለሙን አድምቆ ቦታውን ይይዛል፤ በአንጎሉ ውስጥ የመራቢያ ሆርሞኖችን የሚቆጣጠሩ ሕዋሳትም ሥራቸውን ይለውጣሉ። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ነው። ከዳር ሆኖ የሌሎችን ፍልሚያ ብቻ የተመለከተ ወንድ፣ እርስ በርሳቸው ሲጋጠሙ ካላያቸው ሁለት ዓሦች መካከል የትኛው ደካማ እንደሆነ በተዘዋዋሪ ይገምታል። ሀ ለን፣ ለ ሐን፣ ሐ መን፣ መ ሠን ሲያሸንፍ ካየ፣ ለ ከመ እንደሚበረታ ያውቃል ማለት ነው። ከዚህ የምንማረው ለአኳሪየም ባለቤት ጠቃሚ ነው። አንዱን ጉልበተኛ ማውጣት ጠቡን አያስቀርም፤ ዙፋኑ ባዶ አይቆይም። አንድ ጊዜ የተደበደበ ዓሣም በሌሎቹ ዓይን የተደበደበ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛ ነጥብ አለ፤ ለምርጫችን ከሁሉም የሚበልጠውም እሱ ነው። በይዞታው የሚቆም ወንድ እኩል ቁጣውን ለሁሉም አያወርድም። በቪክቶሪያ ሐይቅ ቀይና ሰማያዊ ወንዶች ባሏቸው ተቀራራቢ ዝርያዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ይበልጥ የሚያጠቃው ራሱን በቀለም የሚመስለውን ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የሚመስለው ዓሣ ያንኑ ሚስት፣ ያንኑ ጉድጓድና ያንኑ ምግብ ይሻማዋል።

የማብዛት ዘዴና ዋጋው

ከማላዊ ሐይቅ ዐለታማ ዳርቻ የሚመጡትና በሐይቁ አጥማጆች አጠራር ምቡና የሚባሉት ትናንሽ ሲክሊዶች ቁጥራቸው ሲበዛ ጠባቸው ይቀንሳል። ሃያ ዓሣ ባለበት አንዱ ወንድ ሁሉንም ማባረር አይችልም፤ አንዱን ሲያባርር ሌላው ገብቶበታል። ምቱ በሃያ ዓሦች ላይ ስለሚከፋፈል አንዱ ብቻውን አይሞትም። እስከዚህ ድረስ ዘዴው ጥሩ ነው።

ዋጋውን የምናየው ውሃው በያዘው ኦክስጅን ስንተምነው ነው። በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን መጠን ከውሃው በላይ ባለው የኦክስጅን ከፊል ግፊት ይወሰናል። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በአሰብም በአዲስ አበባም 21 በመቶ ያህል ነው፤ ነገር ግን 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ጠቅላላው የአየር ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በባሕር ጠለል ላይ አንድ ሊትር ውሃ እስከ 8.3 ሚሊግራም ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ እኛ ዘንድ የሚይዘው 6.2 ሚሊግራም ያህል ነው። የቱንም ያህል አየር ብንነፋበት ከዚህ በላይ አይሄድም።

አሁን የወዳጃችንን አኳሪየም እናስላ። መስታወቱ 200 ሊትር የሚይዝ ቢሆንም ድንጋዩና አሸዋው ቦታ ስለያዙ እውነተኛው ውሃ 160 ሊትር ነው እንበል። ሃያ ዓሦች እያንዳንዳቸው 30 ግራም ቢመዝኑ በድምሩ 600 ግራም ይሆናሉ። አንድ ኪሎግራም ዓሣ በሰዓት 200 ሚሊግራም ኦክስጅን ይጠቀማል ብለን ብንነሣ ፍጆታቸው በሰዓት 120 ሚሊግራም ነው። የኦክስጅኑ መጠን በሊትር ከ3 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ዓሦቹ አደጋ ላይ ይወድቃሉ ብለንም እንያዝ። በባሕር ጠለል ላይ ያለው መጠባበቂያ 5.3 ሲባዛ በ160፣ ማለትም 848 ሚሊግራም ነው፤ ሰባት ሰዓት ያህል ያቆያል። በለቡ ግን 3.2 ሲባዛ በ160፣ ማለትም 512 ሚሊግራም ነው፤ አራት ሰዓት ከሩብ ብቻ። የዚያን ሌሊት መብራት የጠፋው ለስምንት ሰዓት ነበር።

ስሌቱ ሻካራ መሆኑን አንደብቅም። በውሃው ገጽ በኩል ጥቂት ኦክስጅን ሳያቋርጥ ይገባል፤ ይህ ጊዜውን ያረዝመዋል። በሌላ በኩል በማጣሪያው ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎችም ይተነፍሳሉ፤ ይህ ደግሞ ያሳጥረዋል። ቁም ነገሩ ንጽጽሩ ነው። በዚያው ውሃ ውስጥ ስምንት ዓሣ ብቻ ቢኖር ኖሮ ፍጆታው በሰዓት 48 ሚሊግራም፣ መጠባበቂያውም ከአሥር ሰዓት በላይ የሚያቆይ ይሆን ነበር። አንባቢያን ቁጥሮቹን እየለዋወጡ ራሳቸው እንዲሞክሩት እንጋብዛለን።

ሙቀቱም በዚሁ ስሌት ውስጥ ይገባል። ውሃውን ወደ 28 ዲግሪ ማድረስ የሚይዘውን ኦክስጅን ይቀንሳል፣ የዓሦቹን ፍጆታ ይጨምራል፣ የመራቢያ ስሜታቸውንና ከእሱ ጋር ጠባቸውን ያነሣሣል። 24 ወይም 25 ዲግሪ ይበቃል። ያለ ማሞቂያ መተው ደግሞ አይቻልም፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት የከተማችን ቤት ውስጥ ያለን ውሃ ለሐሩር ዓሦች ከሚስማማው በጣም በታች ያወርደዋል።

ከዚህ የተነሣ በአዲስ አበባ ጠብን በቁጥር ብዛት ማብረድ ውድ ነው። የቀረን መንገድ በምርጫ ማብረድ ነው።

ጎረቤት እንዴት ይመረጣል?

የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ማንን ይመስላል?» የሚለው ነው። በወዳጃችን አኳሪየም ካለቁት ውስጥ ቢጫዎቹ ላቢዶክሮሚስ ካሩሌየስ የሚባሉ፣ ከምቡናዎች ሁሉ ለዘብተኛ የሆኑ ዓሦች ነበሩ። ገዳያቸው ሜላኖክሮሚስ አውራተስ ነበር። የአውራተስ ሴቶችና ወጣቶች ቢጫ ላይ ጥቁር መስመር አላቸው፤ ወንዱ ሲበስል ወደ ጥቁርነት ይለወጣል። በመጠን ይቀራረባሉ፣ በዐለት መካከል ይኖራሉ፣ ቢጫነታቸውም ያመሳስላቸዋል። ለዘብተኛውን ከቁጡው፣ ያውም ከሚመስለው ቁጡ ጋር ማኖር ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። አውራተስ በእኛ አስተያየት 200 ሊትር ለሆነ አኳሪየም ጨርሶ መገዛት የለበትም። በዚያው ስፋት የሚሻለው አንድ ወንድና አራት ሴት ላቢዶክሮሚስ፣ ከእነሱም ጋር በቀለም የማይመሳሰል ሌላ ለዘብተኛ ምቡና፣ ለምሳሌ ሐምራዊና ዝገት መሳዩ አዮዶትሮፊየስ ስፕሬንገሬ፣ አንድ ወንድና ሁለት ሴት ነው። ስምንት ዓሣ ብቻ። የሴቶቹ መብዛት ጌጥ አይደለም፤ አንዲት ሴት ብቻ ብትሆን የወንዱ ማሳደድ ሁሉ በእሷ ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው ጥያቄ «የት ይኖራል?» ነው። የመካከለኛው አሜሪካው ኮንቪክት ሲክሊድ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ወንድና ሴት ተጣምረው እንቁላላቸውንና ጫጩቶቻቸውን ሁለቱም ይጠብቃሉ፤ የሚጠብቁትም ከመሬቱ በኩል ነው። በዚህ ጊዜ የወለሉን አብዛኛውን ክፍል ስለሚይዙ ሌላ የወለል ነዋሪ በአጠገባቸው ማኖር ማለት ሞቱን መፍረድ ነው። ነገር ግን ከላይኛው የውሃ ክፍል በመንጋ የሚዋኝ ፈጣን ዓሣ፣ ለምሳሌ ትልቁ ዳኒዮ፣ ሊደርሱበት ስለማይችሉ እምብዛም አይጎዳም። እንዲያውም ጥቅም አለው፤ መንጋው ከላይ በሰላም ሲዋኝ ሲክሊዶቹ አደጋ እንደሌለ ይረዱና ከመደበቂያቸው ይወጣሉ። ከኮንቪክት ጥንድ ጋር ከዚህ የበለጠ ጎረቤት አያስፈልግም።

የሲኖዶንቲስ ወገን የሆኑ ባለ ሪዝ ዓሦችን ከሲክሊድ ጋር ማኖርም የተለመደ ነው። እነዚህ ሌሊት የሚንቀሳቀሱ፣ ጠንካራ የክንፍ እሾህ ያላቸው፣ መልካቸው ሲክሊድ የማይመስል ናቸው። ከወገኑ አንዱ፣ ሲኖዶንቲስ ሻል፣ በእኛው ባሮ ወንዝና በጫሞ ሐይቅ ይኖራል፤ እሱ ግን ለቤት አኳሪየም ይገዝፋል። የታንጋኒካው ሲኖዶንቲስ መልቲፑንክታተስ ደግሞ አስገራሚ አታላይ ነው። ሲክሊዶች እንቁላል ሲጥሉ መሐል ገብቶ የራሱን ይደባልቃል፤ የሲክሊዷ እናትም ሳታውቅ በአፏ ትይዝለታለች፤ ቀድመው የሚፈለፈሉት የእንግዳው ጫጩቶች የባለቤቷን ጫጩቶች እዚያው አፏ ውስጥ ይበሏቸዋል። ጉርብትና ያለ ጠብም ዋጋ አለው።

ምግብን በአጭሩ እንለፈው። አልጌ የሚፍቁት ምቡናዎች ሥጋ ነክ ምግብ ሲበዛባቸው ሆዳቸው ተነፍቶ ይሞታሉ፤ ስለዚህ ሥጋ በል ከሆነ ዓሣ ጋር አንድ ማዕድ አይቆርሱም። መጠንም እንዲሁ። ኦስካር የተባለው የደቡብ አሜሪካ ሲክሊድ በሱቅ ውስጥ የአውራ ጣት ያህል ሆኖ ይሸጣል፤ ሲያድግ ከ30 ሳንቲሜትር ያልፋል፤ አፉ የሚችለውን ሁሉ ይውጣል። በቡጢኛው በጃክ ዴምፕሲ ስም የተጠራው ዓሣም ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም።

ቆሮሶን በቤት ማኖር የሚፈልጉ ተማሪዎችም አይጠፉም። ጥቂት ታዳጊ ቆሮሶዎችን ለጥቂት ወራት ማኖርና ደረጃ ሲያወጡ መመልከት ከብዙ ገጽ ንባብ የበለጠ ያስተምራል። ለመራባት ሲደርሱ ግን ሁለት ወንድ በአንድ ሜትር መስታወት ውስጥ አይችሉም።

የደቡብ አዲስ አበባ ውሃ

የከተማችን ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ይመጣል። በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ያለፈው የጉድጓድ ውሃ ከግድቡ ውሃ ይልቅ በማዕድንና በባይካርቦኔት የበለጸገ ነው። ለምቡናዎች ይህ መልካም ዜና ነው፤ የማላዊ ሐይቅ ፒኤች ከ7.8 እስከ 8.6 ይደርሳልና። ለስላሳና አሲዳማ ውሃ ለለመዱት የአማዞን ዓሦች ግን አይሆንም። ስለዚህ የማላዊን ዓሣ ከአማዞን ዓሣ ጋር ማጎራበት ባይጣሉም ስሕተት ነው። ውሃው ከየትኛው ምንጭ እንደመጣ ከቧንቧው ስለማይታወቅ ዓሣው ከመገዛቱ በፊት ፒኤቹን መለካት ያስፈልጋል።

ነገር ግን ከፍ ያለ ፒኤች የራሱ መዘዝ አለው። ዓሦች የሚያስወግዱት አሞኒያ በውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ መርዛማው ኤሌክትሪክ ሙል የሌለው መልኩ ነው። በ25 ዲግሪ በፒኤች 7 መርዛማው ከጠቅላላው ከአንድ በመቶ በታች ሲሆን፣ በፒኤች 8.3 ወደ አሥር በመቶ ይደርሳል። ያው ቆሻሻ በምቡናዎች ውሃ ውስጥ ከአሥር እጥፍ በላይ ይመርዛል ማለት ነው። ይህም ቁጥር ላለማብዛት ሌላ ምክንያት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ በየሳምንቱ የሚለወጠውን ውሃ ቀድሞ አጠራቅሞ፣ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍት በሆነ ዕቃ አንድ ቀን ማሳደር ግድ ይሆናል።

አዲስ ዓሣ ሲገባና ያልተስማማው ሲወጣ

አዲስ ዓሣ ሲጨመር ድንጋዮቹን ሁሉ አንሥቶ በሌላ አቀማመጥ መደርደር ይጠቅማል። ነባሮቹ ይዞታቸው ስለፈረሰ እነሱም ለጊዜው እንግዳ ይሆናሉ። ድንጋዮቹ ከአንዱ ጫፍ ሌላው ጫፍ እንዳይታይ መጋረጃ እንዲሆኑ ይደርደሩ፤ ያልታየ ዓሣ አይሳደድምና። መብራቱን አጥፍቶ ማስገባት፣ ከአንድ ይልቅ ሁለት ሦስቱን በአንድ ጊዜ ማስገባትም ምቱን ይከፋፍላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይስማማ ዓሣ ይኖራል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «አዝኜለት ወንዝ ውስጥ ለቀቅሁት» ይላል። እንዲህ ያለው ርኅራኄ የሚያስከፍለውን ሐይቆች ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የገባው የናይል ፐርች፣ በእኛ ጫሞ ተፈጥሯዊ ነዋሪ የሆነው ነጭ ዓሣ ማለት ነው፣ በ1980ዎቹ ወደ 200 የሚጠጉ የሲክሊድ ዝርያዎች ለጠፉበት ወይም ለተመናመኑበት ቀውስ ዋና ምክንያት ሆኗል። በዝዋይ ሐይቅም ዛሬ ከቆሮሶ ጋር የሚሻሙት ካርፕና ኮፕቶዶን ዚሊ የተባለው ሌላ የቲላፒያ ዓይነት በሰው እጅ የገቡ ናቸው። ያልተስማማ ዓሣ በሌላ መስታወት ለብቻው ይቀመጥ፣ ወይም ሰፊ አኳሪየም ላለው ሰው ይሰጥ።

የለቡው ወዳጃችን ከሌሊቱ አደጋ የተረፉትን ዘጠኝ ዓሦች ለይቶ ቁጡዎቹን ለሌላ ሰው ሰጠ። አሁን በአኳሪየሙ አምስት ቢጫና ሦስት ዝገት መሳይ ዓሦች አሉ፤ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር መንፊያም ከመስታወቱ አጠገብ ተቀምጧል። ባለፈው ሚያዝያ ስንጎበኘው ከቢጫዎቹ ሴቶች አንዷ ጉሮሮዋ አብጦ ምግብ አልቀበልም ብላ ነበር። ታማለች ብሎ ሠግቶ ነበር፤ በአፏ እንቁላል ይዛ ነበር።